የኦንላይን ጌም ሞደሬተር ለመሆን ከማመልከቻው በፊት የሚሠራው ሥራ

በደሴና በኮምቦልቻ ጌም ዞኖች የሚውሉ፣ ወይም በወልድያና በሐይቅ ቤታቸው ሆነው በስልካቸው የሚጫወቱ ብዙ ወጣቶች ውሎ አድሮ የሚጫወቱት ጌም ሞደሬተር የመሆን ፍላጎት ያድርባቸዋል። ሞደሬተር በቻት ላይ የሚወረወረውን ስድብ የሚያጠፋ፣ የተጣሉትን የሚያበርድ፣ በቺት (ባልተፈቀደ የማጭበርበሪያ ዘዴ) የሚጫወተውን ለይቶ የሚያግድ ወይም ለኃላፊዎቹ የሚያስተላልፍ ሰው ነው። ፍላጎቱ ነውር የለበትም። ይሁንና ሥራውን የሚፈልግና ከስሙ ጎን የሚቀመጠውን ምልክት የሚፈልግ ሰው ገና ከጅምሩ መንገዳቸው ስለሚለያይ፣ ስለ ማመልከቻው ከማውራታችን በፊት ሥልጣን ባልተያዘበት ጊዜ ምን ሊሠራ እንደሚገባ እንመልከት።

አስቀድሞ የገንዘቡ ነገር ግልጽ ይሁን። የተጫዋቾች ማኅበረሰብ ውስጥ የሚሠራ ሞደሬተር አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የለውም። በአሜሪካ ኤኦኤል ለተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ የቻት ክፍሎችን ይቆጣጠሩ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች የሠራነው ሥራ የቅጥር ሥራ ነው በማለት በ1999 እ.ኤ.አ. ክስ መሥርተው፣ ጉዳዩ በ2010 በ15 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት እስኪያልቅ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ስለዚህ ዋናው ዓላማዎ ገቢ ማግኘት ከሆነ ይህንኑ ለራስዎ አምነው፣ ደመወዝ የሚከፈልበትን የደንበኞች አገልግሎት ወይም የይዘት ቁጥጥር ሥራ መፈለጉ ይሻላል። ኑሮን ለማሸነፍ መጣጣር የሚያሳፍር አይደለም፤ የሚያስቸግረው ገንዘብ ወይም ክብር እየፈለጉ ለአገልግሎት ብቻ እንደመጡ ሆኖ መቅረብ ነው።

አንዳንድ ጌሞች ጭራሽ ማመልከቻ አይቀበሉም። የእንግሊዙ ጃጄክስ ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሩንስኬፕ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከስማቸው ጎን የብር ቀለም ያለው ዘውድ የሚታየው ተጫዋች ሞደሬተሮች በኩባንያው ጥሪ የሚመረጡ እንጂ ጠይቀው የሚሾሙ አይደሉም። ለምርጫው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ተጫዋቹ ቀደም ሲል የላካቸው ሪፖርቶች ትክክለኛነት ነው። ማመልከቻ የሚቀበሉ ሰርቨሮችም (ተጫዋቾች ተሰባስበው የሚጫወቱባቸውና የሚያወሩባቸው መድረኮች) ቢሆኑ በተግባር የሚያዩት ይህንኑ ነው፤ የአመልካቹን ስም ፈልገው ያለፉትን ወራት ቻት ያነባሉ። «እኔን አድሚን ብታደርጉኝ ይህ ሁሉ ስድብ አይኖርም ነበር» የሚል መልእክት እየደጋገመ የሚልክ ሰው ራሱን ከውድድሩ ያወጣው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ዋናው ልምምድ ሪፖርት ማድረግ ነው። «ይሄ ልጅ ቺተር ነው፣ አባሩልን» የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ «በሁለተኛው ዙር፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ተጫዋች ሳያየው ሦስት ጊዜ አነጣጥሮበታል፤ ቪዲዮው ተያይዟል። ከዚያ በፊት በነበረው ዙር ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየሁበትም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ ይበሉ። ተከሳሹን ሊጠቅም የሚችለውን ነገር ሳይደብቁ መጻፍ ከባድ ነው፤ በተለይ ያሸነፈዎት እሱ ከሆነ። እንዲህ ጽፎ የሚልክ ሰው ግን ባየሁት ሁሉ ኃላፊዎች ሳይጠይቃቸው የሚያስታውሱት እርሱን ነው።

ለጥርጣሬና ለማስረጃ ልዩነት ካውንተር ስትራይክ ግሎባል ኦፌንሲቭ የተባለው የተኩስ ጌም በ2013 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኦቨርዋች የተባለ አሠራር ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የተከሳሹ ስም ተሸፍኖ የጨዋታውን ቅጂ ያዩና ጥፋቱ ከጥርጣሬ በላይ መታየቱን ወይም ማስረጃው በቂ አለመሆኑን ይወስኑ ነበር። ስሙ መሸፈኑ በራሱ ብዙ ይናገራል፤ ወዳጅም ጠላትም ሊደረግ የሚችል ሰው እዚያ አልነበረም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመርበታል። በደካማ የሞባይል ዳታ የሚጫወት ሰው ስክሪኑ ላይ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ዘሎ የሄደ ሊመስል ይችላል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ምን እንደሚፈጠር በራሱ የደረሰበት የወሎ ልጅ፣ ላግ የሚያደርገውን (በኔትወርክ መዘግየት የሚቆራረጥበትን) ተጫዋች ቺተር ነው ብሎ ለማገድ አይቸኩልም፤ ይህ እውቀት በማመልከቻ ላይ ሊጻፍ የሚገባው እውነተኛ ብቃት ነው።

ሌላው ብቃት ቋንቋው ነው። ተጫዋቾች በጽሑፍና በድምፅ እንደሚያወሩበት እንደ ዲስኮርድ ባሉ መድረኮች ላይ የተከለከሉ ቃላትን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ ቢኖርም፣ መሣሪያው የሚይዘው የተመዘገበለትን ቃል ነው። የአማርኛ ስድብ በላቲን ፊደል፣ ያውም በመሐሉ ቁጥር እየተሰገሰገ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ያልፋል። በብሔር ወይም በሃይማኖት ላይ ያነጣጠረውን ዘለፋ ከጓደኛሞች ቀልድ ለመለየትም ሰው ያስፈልጋል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተቀላቅሎ በሚኖርበት ወሎ ያደገ ሰው የትኛው ቃል ማንን እንደሚያቆስል ለመረዳት አይቸገርም፤ ሆኖም የራሱን ወገን ሲሰድቡ ብቻ የሚቆጣ ከሆነ እውቀቱ መልሶ የማጥቂያ መሣሪያ ይሆንበታል።

የእውነተኛው ጠባይ ፈተና የሚመጣው በጓደኛ በኩል ነው። ብዙ ሰርቨሮች በማመልከቻቸው ላይ «የቅርብ ጓደኛህ ሲያጭበረብር ብታይ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አመልካቾችም «ወዲያው አግደዋለሁ» ብለው በኩራት ይመልሳሉ። ይህ መልስ ቆራጥ ይመስላል እንጂ ጥሩ አይደለም፤ ለሌላው የሚደረገው ማጣራት ለጓደኛም ሊደረግ ይገባልና። የተሻለው መልስ ማስረጃውን ለሌላ ሞደሬተር አስረክቦ፣ ዝምድናውን ተናግሮ ከውሳኔው መውጣት ነው። ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቅ አበጋር የሚከበረው ሁለቱም ወገን አምኖ ስለሚቀመጥለት ነው፤ ሞደሬተርም በአንድ ጓደኛ ጉዳይ ከተጠረጠረ ከዚያ በኋላ የሚሰጠውን ትክክለኛ ፍርድ እንኳ የሚያምንለት አያገኝም።

ማመልከቻው ራሱ አጭር ይሁን። ዕድሜዎን በሐሰት አይጻፉ። ኦንላይን የሚሆኑበትን ሰዓት ሲገልጹ በአገራችን አቆጣጠር «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብለው ከጻፉ የውጭ አገር ሰው ሌላ ነገር ስለሚረዳ፣ «20፡00፣ ዩቲሲ+3» ብለው ያስቀምጡ (ዩቲሲ ዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ ነው፤ የእኛ ሰዓት ከእርሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል)። መብራት የሚጠፋ ከሆነ መጥፋቱን፣ ዳታ የሚያልቅ ከሆነ ማለቁን ይናገሩ፤ በቀን አሥር ሰዓት እገኛለሁ ብሎ ሁለት ሰዓት ከሚገኝ ሁለት ብሎ ሁለት የሚገኝ ይመረጣል። አካውንትዎን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ኮድ በሚጠይቅ መቆለፊያ) ይቆልፉ፤ የሞደሬተር አካውንት ከተጠለፈ ጉዳቱ የመላው ማኅበረሰብ ነው። ካልተመረጡም ምክንያቱን አንድ ጊዜ በትሕትና ጠይቀው ሪፖርት ማድረግዎን ይቀጥሉ።

ከተመረጡ በኋላ በትንሹ ቅጣት ይጀምሩ። ዲስኮርድ ላይ ሰውን ለጊዜው ዝም የሚያሰኘው ታይምአውት ከ60 ሰከንድ እስከ 1 ሳምንት የሚደርሱ አማራጮች አሉት፤ ለሞቀ ጭቅጭቅ ብዙ ጊዜ 10 ደቂቃ ይበቃል። የተሰደቡት እርስዎ ራስዎ ከሆኑ እጅዎን ሰብስበው ጉዳዩን ለባልደረባ ያስተላልፉ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እየጠቀሱ ለጓደኛ ልዩ እቃ የሚሰጡ፣ የተሸነፉበትን ዙር የሚሰርዙ ሞደሬተሮች አሉ፤ የሠሩት ሁሉ በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ከነሰዓቱ እንደሚሰፍር የሚያስታውሱት ከተጠየቁ በኋላ ነው።

ፈተና ሲደርስ ወይም ሥራ ሲበዛብዎ ለኃላፊዎቹ ቀድመው ያሳውቁ። እንደማይመለሱ ካወቁ ምልክቱን ለጌጥ ይዘው አይቆዩ፤ ያልተቋጩ ጉዳዮችን ከነማስረጃቸው ለተተኪው አስረክበው ፈቃድዎ እንዲነሳ በራስዎ ይጠይቁ።