በቅርጫት ኳስ እንጀራ መብላት፦ ከሃይስኩል ሜዳ እስከ ክለብ ውል

ልጃችሁ “ደብሊው ኤን ቢ ኤ (የአሜሪካ የሴቶች የቅርጫት ኳስ ሊግ) እገባለሁ” ካለች መጀመሪያ ቁጥሩን አሳዩዋት። በ2024 ሊጉ 12 ቡድኖች ነበሩት፤ አንድ ቡድን ደግሞ ከ12 በላይ ተጫዋች አይዝም ነበር። ሁሉም ቢሞላ እንኳ ከ144 ቦታ አያልፍም ነበር። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ቡድኖች ቢጨመሩም በሩ ያው ጠባብ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ከጅምሩ የባሕር ማዶ ክለቦችንም ይያዝ።

1. ትምህርቱ ይቅደም። አሜሪካ ውስጥ መንገዱ በኮሌጅ በኩል ነው። በዲቪዥን 1 (በከፍተኛው የኮሌጅ ውድድር ደረጃ) ለመጫወት በሃይስኩል 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን መጨረስና ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ማምጣት ያስፈልጋል። ከ16ቱ 10ሩ ማለቅ ያለባቸው የመጨረሻው ዓመት ሳይጀመር ነው። 12ኛ ክፍል ደርሶ መሯሯጥ ትርፉ ድካም ስለሆነ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ቤቱን አማካሪ አነጋግሩ።

2. ጉልበቷን ጠብቁ። የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ ሴት ተጫዋቾችን ይበልጥ ያጠቃል። ከዝላይ ስታርፍ ጉልበቷ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ የሚያስተምር ማሟሟቂያ መኖሩን አሰልጣኙን ጠይቁ።

3. ድራፍቱን፣ ማለትም የሊጉ ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበትን ሥርዓት እወቁ። አሜሪካዊት ተጫዋች ድራፍቱ በሚካሄድበት ዓመት 22 ዓመት ሊሞላት ወይም ኮሌጅ ልትጨርስ ይገባል፤ ከሌላ አገር ለምትመጣ 20 ይበቃል። ማሊያዊቷ ሲካ ኮኔ በልጅነቷ ስፔን ሄዳ ስትጫወት ቆይታ በ2022 ተመርጣለች፤ አዲስ አበባ ላለች ጎበዝ ልጅም የሚቀርበው ይኸኛው መንገድ ይመስለኛል። ስም መጠራት ግን ቅጥር አይደለም። ተመርጠው የቡድኑ የልምምድ ካምፕ ከገቡ በኋላ ውድድሩ ሳይጀመር የሚሰናበቱ ብዙ ናቸው። ደመወዙም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ትልቅ አልነበረም፤ በ2024 አንደኛ የተመረጠችው ካይትሊን ክላርክ የመጀመሪያ ዓመት የሊግ ደመወዟ 76,535 ዶላር ነበር። ትልቁ ገንዘቧ የመጣው ከማስታወቂያ ነው።

4. የባሕር ማዶውን ውል በጥንቃቄ ፈርሙ። አሜሪካዊቷ ኮከብ ዳያና ቶራሲ የሩሲያ ክለቧ ከፍሏት የ2015ን የአሜሪካ ውድድር ሙሉ በሙሉ አርፋለች፤ ገንዘቡ ወዴት እንደነበረ ከዚህ ይታያል። ቱርክ፣ ጣሊያን፣ ስፔንና ቻይናም ተጫዋች ይቀጥራሉ። ከፊርማ በፊት የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ የተጻፈው ደመወዝ ግብር የተቆረጠለት ነው ወይስ ያልተቆረጠለት? ቤትና የአውሮፕላን ቲኬት በማን ነው? ብትጎዳ ክፍያው ይቀጥላል? ከሁሉም በላይ ግን ክርክር ቢነሳ ጉዳዩ በፊባ (በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ለተቋቋመው የቅርጫት ኳስ የግልግል ችሎት ይቀርባል የሚል አንቀጽ ይኑር። የችሎቱን ውሳኔ የማያከብር ክለብ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ፊባ ሊያግደው ይችላል። አንቀጹ ከሌለ ግን ልጅቷ በማታውቀው አገር ፍርድ ቤት፣ በማታውቀው ቋንቋ ልትከራከር ነው። ደመወዝ ሲዘገይም በቃል አትጠይቅ፤ ማስረጃ እንዲሆናት በኢሜይል ትጻፍላቸው።