ዘይት የነካው ቱቦ ከመበየድህ በፊት

አዲስ ብረት ዋጋው አይቀመስም። እኛ ገላን በኩል፣ ከአዲስ አበባ መውጫው ላይ የምንሠራ በያጆች ውሏችን ከአሮጌ ቱቦ ጋር ነው። ደንበኛው ከምናለሽ ተራ ወይም ከቁራሌው ገዝቶ ያመጣና የሮቶ ማቆሚያ፣ የአጥር ምሰሶ፣ የበር ፍሬም ሥራልኝ ይላል። «ወንድሜ፣ ውስጡ ምን ሲያልፍበት ነበር?» ስትለው «ባዶ እኮ ነው!» ይልሃል። የጠየቅከው ሌላ፣ የመለሰልህ ሌላ።

ቤንዚን ያለፈበት ቱቦ ከሆነ እኔ አልነካም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይወጣዋል። ምን እንደነበረበት የማይታወቅ፣ ሁለቱም ጫፉ የተደፈነ ቱቦም እንደዚያው ነው፤ መልሰው ይውሰዱት።

ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ፣ የሞተር ዘይት ደግሞ 200 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ እንዲህ በቀላሉ የሚቀጣጠል ተን አይሰጥም። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ጋ ነው። ቱቦውን አሽትቶ «ምንም የለውም» ይላል። ቀዝቃዛ ቱቦ ምን ይሸታል? የብየዳው እሳት ከ3 ሺህ ዲግሪ በላይ ነው። የቱቦው ግድግዳ ወዲያው ይግላል፣ የተጣበቀው ዘይት ይተናል፣ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። ክብሪቱን የምትጭረው አንተው ነህ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱንም ጫፍ ክፈት። ቡሽ፣ ቫልቭ፣ ክዳን ካለው ፍታው። ስትፈታው ፊትህን ከአፉ ትይዩ አታድርግ። መቁረጥ ካለብህ ሳይጸዳ ግራይንደርም የጋዝ መቁረጫም አታስነካው፤ በእጅ መጋዝ ቁረጠው። ያደክማል፣ አውቃለሁ። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱም ጫፍ የሚደፈን ምሰሶ ከሆነ ደግሞ ከመድፈንህ በፊት መተንፈሻ ቀዳዳ ብሳለት።

ከዚያ ቱቦውን አዘንብለህ ፀሐይ ላይ አውለው፤ የሚንጠባጠበውን በጄሪካን ያዝ። ወደ ቦይ ከለቀቅከው ወንዝ ነው የሚገባው። ረጅም ሽቦ ላይ ጨርቅ ጠምጥመህ ውስጡን ደጋግመህ ጥረገው። የዛገ ቱቦ ላይ አትቸኩል፤ ዘይቱ ከዝገቱ ቅርፊት ሥር ስለሚደበቅ በሽቦ ብሩሽ ካልፈቀፈቅከው አይወጣም።

ማጠቢያው ካስቲክ ሶዳ ነው። ጓንትና መነጽር አድርግ። ሶዳውን በጥቂት በጥቂቱ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጨምር እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ አታፍስ፤ ገንፍሎ ፊትህ ላይ ይመጣል። አሉሚኒየምና ዚንክ የተቀባ ቱቦ በካስቲክ አይታጠብም፤ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ያወጣል። ለእነሱ ኦሞና ሙቅ ውሃ ይበቃል፣ ክንድህ ካልሰነፈ። በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፤ እነሱን ተዋቸው። የፍሬን ማጽጃም አትጠቀም፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት በብየዳው ሙቀትና ብርሃን ፎስጂን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይሆናል። በኦክስጅን ጋዝ መንፋትማ የማይታሰብ ነው፤ ኦክስጅንና ዘይት ሲገናኙ ያለ ክብሪት እሳት ሊነሳ ይችላል።

መጽዳቱን በምን ታውቃለህ? ካለቀለቅከው በኋላ ንጹህ ውሃ አፍስስበት። ውሃው እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ከወረደ ብረቱ ንጹህ ነው። ክብ ክብ ጠብታ እየሆነ ከሸሸ ዘይት አለ፤ ወደ እጥበቱ ተመለስ። ውስጡንም በነጭ ጨርቅ ሞክረው።

የሚበየደውን ጫፍ በውስጥም በውጭም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪያብረቀርቅ ሞርደው። ቱቦው ረጅም ሆኖ ውስጡን ካላመንከው የሚበየደው ቦታ ከላይ እንዲሆን አድርገህ ከዚያ ቦታ ትንሽ ዝቅ ብሎ እስኪደርስ ውሃ ሙላበት፤ እንፋሎቱ መውጫ ይኑረው። እዚህ ላይ ኤሌክትሪክና ውሃ አብረው ስለሆኑ ደረቅ ጣውላ ላይ ቁም፣ ደረቅ ጓንት አድርግ።

ነጥብ ነጥብ አድርገህ ያዘውና ቆም በል። ከአፉ ጭስ ከወጣ፣ ወይም የቀለጠው ብረት እየፈላ ከተፈናጠረ ዘይቱ አልወጣም ማለት ነው። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ቀዳዳ ቀዳዳ ካሳየህ ከላይ ደርበህ አትሸፍነው፤ እስከ ሥሩ ሞርደህ አውጣውና እንደገና ጀምር። ረዳትህ በቱቦው አፍ ትይዩ አይቀመጥ። አንተም ነፋሱ ጭሱን ከፊትህ ወደ ጎን የሚወስድበት ቦታ ያዝ። «ወተት ጠጣበት» ይሉሃል። ወተት ጥሩ ነው፣ ግን ጨጓራ ነው የሚገባው፤ ጭሱ የሚገባው ሳንባ ነው።

የዱቄት እሳት ማጥፊያና አሸዋ አጠገብህ ይኑር። የተነከረውን ጨርቅ ከአካባቢው አርቅ። ስትጨርስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳትሄድ ጠብቅ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ተነስቶ ሻይ ቤት ይሄዳል፤ የጋለው ቱቦ ግን መብራት መጥፋቱን አያውቅም። ማሽኑን አጥፋና አንድ ሰው እዚያው ይቅር።

የማጽጃውን ዋጋ ከብየዳው ለይተህ ከመጀመሪያው ንገረው፣ ኋላ ጭቅጭቅ ነው። እኔ ራሴ አጽድቼ አመጣለሁ ካለም ያምጣ። ውሃውን ግን እኔው አፍስሼ ሳላይ ማሽኑን አላበራም።