ለአንድ አልትራሳውንድ ሁለት ጊዜ መመላለስ እንዴት እንደቀረ

በምሠራበት የራጅና አልትራሳውንድ ክፍል ተመላላሽ ታካሚዎች ለአንድ ምርመራ ሁለት ሦስቴ ይመጡ ነበር። ማሽኑ ተበላሽቶ ቢሆን ደግ፤ ጣጣው ቁርስ ነበር።

አንድ ቀን ከገጠር ሌሊት ተነስተው የመጡ እናት አልጋው ላይ ወጡ። «እማማ፣ እህል ቀምሰዋል?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ ሻይ በዳቦ ብቻ!» ሰው ሲበላ የሐሞት ከረጢት ይኮማተራል፤ ጠጠር ቢኖር እንኳ በወጉ አይታይም። መለስናቸው። የያዙትን የቀጠሮ ወረቀት ሳየው ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል፣ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ማን ያንብበው?

ወረቀቱን በአማርኛ አዘጋጀሁት፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ። ለሆድ ምርመራ፦ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ምግብ፣ ሻይ፣ ቡና አይወስዱም።» ለማሕፀን ደግሞ፦ «ከአንድ ሰዓት በፊት 4 ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ሽንትዎን ይያዙ።» የስኳር ሕመምተኞችን የመጀመሪያ ተራ ላይ አደረግናቸው። በመርፌ መድኃኒት ተሰጥቶ ለሚነሳ ሲቲ ስካን ደግሞ፣ መድኃኒቱ የታመመ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ የኩላሊት ምርመራ ውጤቱን የምንጠይቀው ቀጠሮ ስንሰጥ ሆነ።

ወረቀቱ ብቻውን ግን አልሠራም፤ ፊደል ያልቆጠረ ብዙ ነው። ለውጥ ያመጣው ቀጠሮ ሰጪዋ «እስቲ ምን አልኩዎት?» ብላ ማስደገም ስትጀምር ነው። አሁን የምንመልሰው አልፎ አልፎ ነው። (በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙትማ ድሮም አላስቸገሩንም።) የቀረን ራስ ምታት የኩላሊት መመርመሪያው ኬሚካል ሲያልቅ ነው፤ እሱ ከእኔ እጅ ውጭ ነው።