የዓሣ ምሳ በቤታችን፦ ቆሮሶ ከመግዛት እስከ ሽታውን ማስወጣት

ባሕር ዳር እየኖረ ዓሣ የሚበላው እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሆነ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይባላል፤ ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ ቀጣዩ ቀጠሮ ለዓመት በዓል ይተላለፋል። ቤት ለምን አይሠራም ስትሉ መልሱ ሁለት ነው፦ እሾኹና ሽታው። ለሁለቱም መላ አለ። የዓሣ ሥራ አብዛኛው የሚያልቀው ዘይቱ ሳይጣድ ነው። ዓሣው ትኩስ ከሆነና በደንብ ከደረቀ መጥበሱ ቀላል ነው።

አንደኛ፦ በጠዋት መውጣት

የጣና አስጋሪዎች አብዛኛውን ጊዜ መረባቸውን ማታ ጥለው ጠዋት ያነሳሉ። ስለዚህ ጥሩውን ዓሣ የምታገኙት በጠዋት ነው። ፀሐይ ከበረታ በኋላ፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት፣ ያለ በረዶ የተቀመጠ ዓሣ በሰዓታት ውስጥ ይለወጣል።

ቅዳሜ ከሆነ ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። የደንገል ታንኳ ሲጠጋ፣ ፔሊካኖቹ በተጣለው የዓሣ አንጀት ሲሻሙ ማየት ለልጅ ከቴሌቪዥን ይበልጣል። ክፍያም የለውም።

ሻጩን "ልጄ፣ መቼ የወጣ ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁት "አሁን ነው እማዬ፣ ገና ይንፈራገጣል!" ይላችኋል። ከሰዓት ብትመጡም ያንኑ ነው የሚላችሁ። ስለዚህ ዓሣውን ራሱን እዩት። ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ይሁን፤ ከደፈረሰና ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ይቅርባችሁ። ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጣችሁ ስንጥቡን ተመልከቱ፤ ቀይ ወይም ሮዝ መሆን አለበት፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ቆይቷል ማለት ነው። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ይሙላ። ሽታው የሐይቅ ሽታ ይሁን፤ ከኮመጠጠ በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት።

ሁለተኛ፦ የትኛውን ዓሣ?

ልጆች ላሉበት ቤት ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። እሾኹ ትልልቅና በአንድ ቦታ የተሰደረ ስለሆነ በቀላሉ ይለቀማል። ነጭ ዓሣ ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ጣና 15 ያህል ዓይነት ነጭ ዓሣ አለው፣ አብዛኞቹም ከዚህ ሐይቅ ሌላ የትም አይገኙም። ግን ሥጋው መሐል ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ቀጫጭን እሾኽ ተሰግስጎበታል። በደቃቁ ለሚከተፍ ዱለት እንጂ ለሕፃን ሙሉ ጥብስ አይሆንም። በተጨማሪም ነሐሴና መስከረም ላይ ለመራባት ወደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወንዞች ይወጣል፤ ያኔ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ስለሚዘረጋበት ቁጥሩ በጣም ተመናምኗል። እኔ በእነዚያ ወራት ነጭ ዓሣ ባይገዛ ይሻላል ባይ ነኝ።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። በዚህ ምክንያት በሃይማኖቱ ሥርዓት የማይበላው ሰው ብዙ ነው። እንግዳ ካለባችሁ አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው። የጾም ነገርም እንዲሁ፤ በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፣ ክርክሩ ማዕድ ላይ ባይነሣ ጥሩ ነው።

ፊሌቶ ልግዛ ወይስ ሙሉውን? ከሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ንጹሕ ሥጋ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ነው። ሦስት ኪሎ ብትገዙ አንድ ኪሎ ገደማ ሥጋ ታገኛላችሁ። ስለዚህ የሙሉውን ዋጋ በሦስት አባዙትና ከፊሌቶው ዋጋ ጋር አስተያዩት። ሙሉውን ከገዛችሁ ግን ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ ይተርፋችኋል።

ወደ ቤት ስትመለሱ በታሰረ ፌስታል ፀሐይ ላይ እያንጠለጠላችሁ አትዙሩ። እግረ መንገዳችሁን ቅዳሜ ገበያ የምትገቡ ከሆነ ዓሣውን በመጨረሻ ግዙ። ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ እርጥብ ጨርቅ ማልበስ ይበቃል፤ በረዶ ከተገኘ የተሻለ ነው።

ሦስተኛ፦ ማጽዳት

ይህ ሥራ ደጅ ቢሆን ይመረጣል። ግቢ ከሌላችሁ ጋዜጣ አንጥፉ።

በመቀስ ክንፎቹን ቁረጡ፣ ከጀርባው ጀምሩ። የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ እንደ መርፌ የሚወጋ እሾኽ አለው፤ እጅ የሚያቆስለው እሱ ነው። ከዚያ ዓሣውን ውሃ በሞላ ሳህን ውስጥ ነክራችሁ፣ በቢላ ጀርባ ወይም በማንኪያ ጫፍ ከጭራው ወደ ጭንቅላቱ ቅርፊቱን ፋቁ። ውሃ ውስጥ ሲፋቅ ቅርፊቱ ግድግዳና ፀጉር ላይ አይፈናጠርም።

ሆዱን ከታች ወደ አንገቱ ክፈቱ። ቢላው ወደ ጥልቅ አይግባ፤ ሐሞቱ ከፈሰሰ ሥጋውን ያመርረዋል። ድንገት ከፈሰሰ የነካውን ቦታ ቆርጣችሁ ጣሉ። የሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን አውጡ። ሆዱ ውስጥ የተለጠፈውን ጥቁር ስስ ሽፋን በማንኪያ ፍቁት። አንዳንድ ጊዜ ሆዱ አካባቢ ትንንሽ ትል ሊታይ ይችላል። ለቅሞ ማውጣትና ዓሣውን በደንብ ማብሰል ነው መፍትሔው። ጥሬ ዓሣ ለልጅ የማልሰጠውም ለዚሁ ነው።

አሁን ስለ ሽታው። የሐይቅ ዓሣ አንዳንዴ ጭቃ ጭቃ ይላል። ይህን የሚያመጣው ጂኦስሚን የሚባል ነገር ነው፤ ውሃ ውስጥ ያሉ ደቂቅ ነፍሳት ይሠሩታል፣ ዓሣው ቆዳና ስብ ውስጥ ይጠራቀማል። ኮምጣጣ ነገር ያዳክመዋል። እናቶቻችን በሎሚ የሚያሹት በከንቱ አይደለም። አንድ እፍኝ ዱቄትና ጨው ነስንሳችሁ ውስጡንም ውጭውንም እሹት፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፣ ከዚያ ሎሚ ጨምቁበት። ከ15 ደቂቃ በላይ በሎሚ አይቆይ፤ ሥጋው ይፈረካከሳል። በቀዝቃዛ ውሃ ደግማችሁ አለቅልቁና አጠንፍፉት።

አራተኛ፦ ማድረቅና መጥበስ

በሁለቱም ጎን ጣት በጣት እያራራቃችሁ እስከ አጥንቱ ሸንትሩት። እሳቱ ወደ ውስጥ የሚገባው በዚያ ነው። ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ስንጥቆቹ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። በደንብ! ብዙ ሰው ችላ የሚለው ይህንን ነው። እርጥብ ዓሣ ዘይት ያንጣጣል፣ መጥበሻው ላይ ይለጠፋል፣ ቆዳውም አይጠበስም። ከደረቀ በኋላ ስስ የፉርኖ ዱቄት አልብሱትና ትርፉን አራግፉ።

ዘይቱ የዓሣውን ግማሽ ያህል የሚሸፍን ይሁን። መጋሉን ለማወቅ ቁንጥር ዱቄት ጣል አድርጉ፤ ወዲያው ከተንጫጫ ደርሷል፣ ከጨሰ ግን አልፏል። አንድ በአንድ ጥበሱ፤ ብዙ ሲጨመር ዘይቱ ይቀዘቅዛል። ዓሣውን ከጭራው ይዛችሁ ከእናንተ ወደ ማዶ አስተኙት። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። አራት አምስት ደቂቃ አትንኩት፤ የታችኛው ጎኑ ሲጠበስ ራሱ ይለቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጡት። በወፍራሙ ቦታ አጥንቱ ጋ ያለው ሥጋ ነጭ ሆኖ ከለቀቀ በስሏል። ካልለቀቀ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት። ሲወጣ ወንፊት ላይ ይቀመጥ፤ ሳህን ላይ ከተኛ ከሥር ይለሰልሳል።

መብራት ጠፍቶ በከሰል የምትጠብሱ ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት፤ ደጅ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ በፍጹም አይደፋበት። እሳቱን አጥፍታችሁ ክዳን ድፉበት።

ማባያው ፈጣን ነው። አዋዜ በሎሚ ቀጠን አድርጉ፣ ደቃቅ ቃሪያ ጨምሩ። ለልጆች ሎሚና ጨው ብቻ ይበቃል።

አምስተኛ፦ ልጆች እንዲበሉት

ለልጅ ከጀርባው በኩል ያለውን ወፍራም ሥጋ ስጡት። ሹካ ይቅር፤ እሾኽን የሚያገኝ ጣት ነው። እናንተ ለቅማችሁ፣ በጣታችሁ ፈትሻችሁ፣ ከዚያ አጉርሱ። ሰባት ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ መልቀም ይማር፤ አጥንቱን ሙሉ ማውጣት የቻለ ጭራዋን ይሸለም። በእኛ ቤት የምትንኮሻኮሸው ጭራ ብርቅ ናት። ጭንቅላቱ ግን ለአባት ነው፣ ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

እሾኽ ጉሮሮ ላይ ቢሰነቀር ትልቅ ጉርሻ እንጀራ ወይም ዳቦ ማስዋጥ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ወደ ባሰ ቦታ ሊገፋው ይችላል። ያስሉ፣ ውሃ ይጠጡ። ሕመሙ ካልለቀቀ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ስድስተኛ፦ ሽታውን ማስወጣት

ዕቃውን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። ሙቅ ውሃ የዓሣውን ቅሪት ያጣብቀዋል፤ ሙቅ ውሃና ላርጎ በኋላ ይመጣሉ። መክተፊያውን በጨውና በተጨመቀ የሎሚ ልጣጭ እሹት። እጃችሁንም በዚያው፣ ወይም በቡና አተላ። ለቤቱ ሽታ ከምሳ በኋላ ቡና መቁላትን የሚያህል የለም።

የሆድ ዕቃውን ጓሮ ካላችሁ ጠለቅ አድርጋችሁ ሎሚ ወይም ጌሾ ሥር ቅበሩት። ላይ ላዩን ከሆነ የሠፈሩ ውሻ ሁሉ ይሰበሰብባችኋል። ዘይቱን ማጠቢያ ውስጥ አትድፉ፤ ቀዝቅዞ ይጠለል። ከጠቆረ ወይም አረፋ ከያዘ ይወገድ። ካልሆነ ለሌላ የዓሣ ቀን ብቻ ይቀመጥ፤ ለሌላ ምግብ አይሆንም፣ ሽሮው ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይላል።

የሾርባውን ነገር ካነሣን፣ ስንጥቡ የወጣለትን ጭንቅላትና አጥንት በቀዝቃዛ ውሃ ጣዱት። ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ካሮትና አንድ ዘንግ የጥብስ ቅጠል ጨምሩ። ሲፈላ አረፋውን ግፈፉ፣ ከዚያ በቀስታ ግማሽ ሰዓት ይብሰል። ከዚያ በላይ ከቆየ ይመራል። አጥንት እንዳይቀር በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ አጥልሉት። ማታ ሲሞቅ ሎሚ ጠብ አድርጉበትና በዳቦ አቅርቡት።