አሮጌ ፊያት ይዞ ጣርማ በርን መውረድ

ሙስታንግ ለሚመኝ ሰው ክፉ ቃል የለኝም። እኔም ተመኝቻለሁ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1964 ያወጣት መኪና፣ ያ ረጅም ኮፈን፣ ያ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር! አባቴ ዘይት የሚቀይርበት ጋራዥ ግድግዳ ላይ ከመጽሔት የተቀደደ ፎቶዋ ተለጥፎ ነበር። ልጅ ሆኜ ከፊቱ ቆሜ የጭስ ማውጫዋን ድምፅ በአፌ አወጣ ነበር።

ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሰባ በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ካርቡራቶር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው ሞተር ደግሞ አየር ባገኘ መጠን ነው የሚሠራው። 200 የፈረስ ጉልበት አላት የተባለች ሙስታንግ እኛ ጋ ስትደርስ ሃምሳውን መንገድ ላይ ጥላ ነው የምትመጣው። የኔ ፊያት 124 ደግሞ ስትወለድ 60 ነበራት፤ እዚህ 45 ብትሰጥ ነው። ስለዚህ የምጽፍላችሁ አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ ለዚህ አገር አስተካክሎ፣ ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ተራራ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ደርሶ ስለ መመለስ ነው። ፍጥነት የፈለገ ሌላ አማካሪ ይፈልግ።

አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ኤንትሬ የምንላትን የፊያት ከባድ መኪና ይነዳ ነበር። ጣርማ በርን ስንቴ እንደወጣና እንደወረደ እሱም አይቆጥረውም። 124ቷ ከእሱ እጅ የመጣች ናት። ከዚህ በታች ከምጽፈው ግማሹ የእሱ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት

መጀመሪያ ሊብሬውን ተቀበሉ። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ካልገጠመ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢምል ቀብድ አትስጡ። ይህች ትቅርና ሌላ ከውጭ አስመጣለሁ የሚባል ነገርም የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ያለን አገር ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። ሻጮቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ መኪናዋን ስታዩ ፊታችሁ አይፍካ።

የጎሚስታው ልጅ ጎማ ባስነፋሁ ቁጥር አንድ ነገር ይለኛል። "ጋሼ፣ እሷን ይሽጧትና ኤሌክትሪክ ይግዙ።" "አንተ መጀመሪያ ንፋሱን ሙላ" እለዋለሁ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሁልጊዜ ካስነፋ በኋላ ውስጧ ገብቶ መሪዋን ይዞ ይቀመጣል።

ወደ ነገራችን። ፊያት 124 የላዳ ታላቅ እህት ናት። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1966 አወጣት፤ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመረጠች። ሩሲያዎቹ ከፊያት ጋር ተስማምተው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ላዳ አድርገው ሠሯት። ይህ ዝምድና ለእኛ ሲሳይ ነው። ያ ሁሉ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሲያረጅ ዕቃው የት ገባ? ብዙው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫው ገበያ ነው። መስታወትም በሉት የበር እጀታ፣ ከላዳ የሚገጥም ብዙ ነገር ታገኛላችሁ።

ሻጩ "ኦሪጅናል ፊያት ናት" ካላችሁ የኋላ ጎማዋን አስወልቁ። ፊያት 124 በአራቱም እግሯ የዲስክ ፍሬን ነበራት፤ ለዘመኑ ብርቅ ነው። ሩሲያዎቹ ግን ለመንገዳቸው ጭቃ አይሆንም ብለው የኋላውን ታምቡር አደረጉት። ከኋላ ታምቡር ካያችሁ አክስሉ ከላዳ የመጣ ነው ማለት ነው። አትግዙ አላልኩም። እንዲያውም በየቀኑ ለሚነዳ ሰው የላዳ ሞተር የገባላት ፊያት ትሻላለች ባይ ነኝ፤ መለዋወጫው ይገኛላ። ብቻ የኦሪጅናል ዋጋ አትክፈሉ። የሞተር ለውጡም ሊብሬው ላይ መስፈሩን እዩ።

ቀጥሎ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሮቹ ሥርና የጎማው ቅስት ዙሪያ አንሸራትቱ። የሚይዝበት ላሜራ ነው። የሚያንሸራትተው ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉ። ቢስኩት እንደሚሰበር ዓይነት ድምፅ ከሰማችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ሞተር ይታደሳል። የበሰበሰ ወለል ግን ኪሳችሁን ይጨርሰዋል፣ የቦዲ ሠራተኛውም ለዓመት ጓደኛችሁ ይሆናል።

ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነው ብላችሁ አትደሰቱ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2312 ካለ እ.ኤ.አ. በ2012 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቆሞ ያረጀ ጎማ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ነው የሚፈነዳው። 13 ቁጥር ጎማ ከላዳ ጋር አንድ ስለሆነ ፈልጋችሁ አታጡም።

ሁለት ካምሻፍት ያላትን 124 ስፖርት ያገኘ ዕድለኛ ካለ አንድ ምክር ብቻ፦ የታይሚንግ ቺንጋዋን ዕድሜ አትጠይቁ፣ በገዛችሁበት ሳምንት ቀይሩት።

ለከፍታውና ለብርዱ

ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበታል። ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ አየሩ ይሳሳበታል፣ ቤንዚኑ ግን አይቀንስም። ከኋላ ጥቁር ጭስ፣ ዳገት ላይ ማንኮራፋት፣ ቤት ድረስ የሚከተል የቤንዚን ሽታ፤ መነሻው ይኸው ነው። መፍትሔው ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን ቀዳዳ ያላት የነሐስ ብሎን አንድ ቁጥር ባነሰች መለወጥ ነው። ካንዴላው ቡና ዓይነት ቡኒ ሲሆን ተስማማ ማለት ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሶታል፣ ቫልቭ ያቃጥላል።

እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ ጋር አልስማማም። ለደብረ ብርሃን ልክክ አድርገው ያስተካክሉላችኋል። ታዲያ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር በታች ናት። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሩ ቤንዚን ይርበዋል፣ ከዚያ በዚያው ረሃቡ ያንን ሁሉ ዳገት መመለስ አለበት። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ እንዲበዛበት ተዉት። ጥቂት ጥላሸት ይሻላል።

ሁለተኛው የራዲያተር ክዳን ነው። ሰው ይንቀዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይህ ደግሞ ሞተራችሁ በጤናው ቀን ከሚሠራበት ሙቀት ብዙም አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ከክዳኑ ሥር ያለችው ጎማ ከደረቀች ወይም ሞላዋ ከላላ መኪናዋ ያለምንም ሌላ ችግር ትፈላለች። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከማስወረዳችሁ በፊት ክዳን ቀይሩ። ስትፈላ ደግሞ በፍጹም አትክፈቱት። ቮልስ ያላችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት፤ የእናንተ በአየር ነው የሚበርደው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል። ራዲያተሩ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይዛችሁ አትደሩ፣ ኩላንት ጨምሩበት። ጠዋት ቾክ ሳቡ፣ ሞተሩ እስኪረጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ውጡ። የፊት መስታወቱ ላይ ሙቅ ውሃ የምታፈሱ ሰዎች ግን ምን ነክቷችሁ ነው? ይሰነጠቃል። መስታወቱ ደግሞ ብርቅ ነው።

ፑንቲናውን (የካንዴላውን እሳት እየከፈተና እየዘጋ የሚያስነሳውን) በስስ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱና ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ አድርጉት። አንድ ትርፍ ፑንቲናና አንድ ትርፍ ኮንደንሰር ሁልጊዜ መሳቢያው ውስጥ ይኑር። ስለ ፑንቲና ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልግም።

ቁልቁለቱ

ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን ከዚያ በኩል የመጣ ሹፌር ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ አስታውሱ። ካላስታወሳችሁ ቀይሩት። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲገባበት ግን በጣም ቀደም ብሎ ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል። ያኔ ፔዳሉ ስፖንጅ የረገጣችሁ ይመስል ይሰምጣል። ሰው "ፍሬን በጠሰ" ይላል፤ ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም፣ ዘይቱ ነው የፈላው። በየሁለት ዓመቱ ለውጡት።

ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች መንገድ ከ1,800 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ደጋ ለብሳችሁት የወጣችሁትን ካፖርት ሮቢት ላይ የት እንደምታስቀምጡት ይጨንቃችኋል።

ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቆፈሩት ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከመግባታችሁ በፊት መብራት አብሩ። ክረምት ከሆነ ጉሙ ዋሻው አፍ ላይ ተኝቶ ይጠብቃችኋል። ውስጥ አትቅደሙ፣ አትቁሙ። ከዋሻው ስትወጡ ቁልቁለቱን ከማየታችሁ በፊት ማርሽ ቀንሱ። የአባቴ ሕግ አጭር ነበር፦ "በምትወጣበት ማርሽ ውረድ።" 124ቷ አራት ማርሽ አላት። ዳገቱን የምትወጣው በሦስትና በሁለት ነው፤ ስለዚህ የምትወርደውም በሦስትና በሁለት ነው። ሞተሩ ይጮሃል። ይጩህ። እሱ ሲጮህ ፍሬናችሁ ያርፋል።

ቤንዚን እቆጥባለሁ ብሎ ዜሮ ማርሽ የሚያደርግ ሰው ሁሌም አለ። ሞተር አጥፍቶ ቁልፉን የሚነቅልም አይቻለሁ፤ መሪው ቢቆለፍበትስ? በአንድ ብርጭቆ ቤንዚን ነፍስ አይለወጥም።

ፍሬኑን እግራችሁ ላይ አታንጠልጥሉት። ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቁ፣ ይተንፍስ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መስኮት ላይ ከመጣ ቀድሞ የሄደው አይሱዙ ነው ብላችሁ አትጽናኑ፤ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ፔዳሉ ከላላ ደጋግማችሁ ምቱት፣ ማርሽ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳቡ፣ ወደ ተራራው ጎን ጠጉ። ገደሉን አትዩት። እጅ ዓይንን ይከተላል።

እውነቱን ልናገር፣ አሮጌ መኪና የምወደው ለዚህች ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው። መሪው ኃይል አጋዥ የለውም፣ ስለዚህ የአስፋልቱን ስንጥቅ መዳፌ ላይ አገኘዋለሁ። ሁለተኛ ማርሽ ስትገባ የምታሰማት ያች ቀጭን ፉጨት አለች። ኩርባው መሃል ላይ ቤንዚን ትንሽ ስሰጣት አፍንጫዋን ወደ ውስጥ ታስገባለች። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ ሥራ የበዛብኝ ያህል ነው። አዲሱ መኪና ይህን ሁሉ ደብቆ በምቾት ያወርዳችኋል። ምቾት መጥፎ ነው አላልኩም፤ ባለቤቴ ለረጅም መንገድ አውቶቡስ ነው የምትመርጠው።

ደብረ ሲና ላይ ቁሙ። ባትቆሙም ቆሎ ሻጮቹ ያስቆሟችኋል። ዲስኮቹ ግለዋልና የእጅ ፍሬን ጠፍራችሁ አትያዙ፤ ማርሽ ውስጥ አስገቡና ጎማ ሥር ድንጋይ አስደግፉ። ሻይ ጠጡ፣ ቆሎውን ቆርጥሙ። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተነስተው "ይቺ ነገር እስካሁን አለች እንዴ?" ማለታቸው አይቀርም። ተቀመጡና ስሟቸው። ስለ ጎማና ስለ ሰው ብዙ የሚያውቁ ናቸው፣ ፍሬናችሁም እስኪበርድ ጊዜ ይፈልጋል።

ዳገቱ

ከሮቢት በጠዋት ተመለሱ። በቀን ሙቀት ዳገት የጀመረች አሮጌ መኪና አርማኒያ የምትባለው የመንገድ ዳር ከተማ አካባቢ ሳል ጀምራ ቀጥ ትላለች። ቤንዚን ሙሉ ነው፣ ካንዴላውም እሳት ይሰጣል፣ ግን አትነሳም። ቤንዚን ፓምፑ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ስለሚግል ቤንዚኑ ውስጡ ተንኖ ነው። ከፍታው ሲጨምር ደግሞ ቤንዚን በቀላሉ ይተናል። ሞተሪኖውን እያስጮሃችሁ ባትሪ አትግደሉ። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ጨርቅ በውሃ ነክራችሁ ፓምፑ ላይ ጠቅልሉ፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ትነሳለች። ለዚህ ሲባል አንድ ጀሪካን ውሃና አንድ አሮጌ ፎጣ ከኋላ ይኑር።

ቤት ስትደርሱ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፣ ጥቂት ይሥራ። ከዚያ ዙሩና መዳፋችሁን በየቸርኬው አጠገብ አስጠጉ፣ አትንኩት። አራቱም ለብ ካሉ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ የሚግል ከሆነ እዚያ እግር ላይ ፍሬኑ ይዞ አልለቅ ብሏል። የፍሬኑ ፒስተን ጎማ አብጦ ወይም ፒስተኑ ራሱ ዝጎ ይሆናል። የሚቀጥለውን መንገድ ከማሰባችሁ በፊት እሱን አስከፍቱ።