ያረጀ ትራየምፍ ፍሪሲዮን ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ሲገኝ፦ ችግርና መፍትሄ

የ1960ዎቹ ወይም የ1970ዎቹ (በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) ትራየምፍ ቦነቪል የገዛ ሰው የግራውን ክዳን ሲፈታ የሚያገኘው ፍሪሲዮን (የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል) ከእንግሊዙ የሜሪደን ፋብሪካ እንደወጣ ያለ ነው ብሎ መገመት የለበትም። ሞተር ብስክሌቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አንዱ ባለቤት ጠንካራ ሞላ አስገብቶበታል፣ ሌላው የአሉሚኒየም ሳህን ገጥሞበታል፣ ሦስተኛው የጠፋ ሮለር ከኩሽኔታ ሱቅ ገዝቶ ተክቶበታል። ምን እንደለወጠ ጽፎ ያቆየ ግን አይገኝም።

እንዲህ ያለ ዕቃ ያጋጠመው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ይህን የሠራው ማን ነው?» ብሎ ነው። እኔ ይህ ጥያቄ ከኋላ ይምጣ ባይ ነኝ። የሠሪው ስም ቢታወቅም ያልተለካ ፍሪሲዮን አይድንም፤ በትክክል የተለካው ግን ሠሪው ባይታወቅም ይድናል። ሞተር ብስክሌቱ የሚያሳየው ምልክት ራሱ የትኛው ክፍል እንደተለወጠ ይጠቁማል፤ ካሊፐር (ውፍረትና ርዝመት የሚለካ መሣሪያ) ደግሞ ያረጋግጠዋል።

ለማነጻጸር የፋብሪካውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሜሪደን የ650 ሲሲ ሞዴሎቹን ሞተርና ካምቢዮ በአንድ አካል መሥራት የጀመረው ከ1963 ሞዴል አንሥቶ ነው። የዚህ ዘመን 650 ቦነቪል ፍሪሲዮን ሦስት ሞላ፣ ስድስት ባለ ሸራ (የሚፋተግ ልባስ ያለው) ዲስክ፣ ስድስት የብረት ዲስክ፣ ከቆርቆሮ ብረት በመጭመቂያ የተቀረጸ መጫኛ ሳህን፣ 58 ጥርስ ያለው ከበሮና ከበሮው በእምብርቱ ላይ የሚዞርባቸው 20 ሮለሮች አሉት። በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ጥርሳማ ጎማ 29 ጥርስ ሲኖረው ሁለቱን የሚያገናኘው ድርብ ካቴና 84 ማያያዣ አለው። ሰባት ባለ ሸራ ዲስክ ከቆጠሩ፣ ከካቴና ይልቅ የጎማ ቀበቶ ካዩ ወይም ሳህኑ ድፍን አሉሚኒየም ከሆነ የኋላ ሰው እጅ ገብቶበታል። አራት ሞላ ያለው እምብርት ደግሞ ካምቢዮው ለብቻው ይሠራ ከነበረበት ከቀደመው ዘመን የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የዚያ ዕቃ እዚህ ሁልጊዜ አይገጥምም።

ምልክት፦ ፍሪሲዮኑ አይለቅም

እጀታው እስከ መጨረሻው ተጨብጦ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ሞተር ብስክሌቱ ወደፊት ይገፈተራል፤ መብራት ላይ ቆመው ፎሌ ሲፈልጉ አይገኝም። በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ዲስኮቹ በዘይት ተጣብቀው ማደራቸው ግን የዚህ ዓይነት ፍሪሲዮን ጠባይ ስለሆነ እንደ ብልሽት አይቆጠርም። እጀታውን ጨብጦ መርገጫውን ጥቂት ጊዜ መርገጥ ያላቅቃቸዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥል ከሆነ ነው መመርመር የሚገባው።

ክዳኑን ከመፍታትዎ በፊት መሪው ላይ ያለውን እጀታ ይመልከቱ። በኋላ የተገጠመ እጀታ ብዙ ጊዜ ከሠሪው ስም ሌላ ምንም አይናገርም። እጀታው ከሚዞርበት ቡሎን መካከል እስከ ካቦው ራስ ማረፊያ መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። ለእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች የሚሸጡት በተለምዶ 7/8 ኢንች (22 ሚሊ ሜትር) ወይም 1 1/16 ኢንች (27 ሚሊ ሜትር) ናቸው። አጭሩ ለእጅ ይቀላል፤ የሚስበው ካቦ ግን ያነሰ ነው። እጀታው እጅግ ቀሎ ፍሪሲዮኑ የማይለቅ ከሆነና ልኩ 22 ከወጣ፣ ካምቢዮውን ከመውቀስ በፊት ረጅሙን መሞከር ይሻላል። የካቦው ውጫዊ ሽፋን ሲጨበጥ የሚያጥር ወይም የሚጎብጥ ከሆነም ያው ነው፤ ጉዞው መንገድ ላይ ይባክናል።

ከዚያ ክዳኑን ይፍቱ። አንድ ሰው እጀታውን ጨብጦ ይያዝ፤ እርስዎ መርገጫውን በእጅ በዝግታ እየገፉ የመጫኛ ሳህኑን ጠርዝ ከጎን ይመልከቱ። ሳህኑ እንደ ጠማማ የብስክሌት ጎማ የሚወላገድ ከሆነ በአንድ በኩል ዲስኮቹን ለቅቆ በሌላው በኩል አሁንም እየጫነ ነው ማለት ነው። ሦስቱን የሞላ ዳዶዎች ሩብ ሩብ ዙር እያጠበቁና እያላሉ ሳህኑ ቀጥ ብሎ እስኪዞር ድረስ ያስተካክሉ። ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዱን ሲነኩ ሁለተኛው ይበላሻል። በምንም መንገድ ካልተስተካከለ ሞላዎቹን አውጥተው ጎን ለጎን ያቁሟቸው። አንዱ አጥሮ ወይም ሽቦው ወፍሮ ከታየ፣ ከሁለት የተለያዩ ጥቅሎች ተሰብስበው የገቡ ናቸው፤ ሦስቱንም በአንድ ላይ መለወጥ ነው። ሞላዎቹ እኩል ከሆኑ ሳህኑን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝተው ዙሪያውን በስስ የክፍተት መለኪያ ይፈትሹ። የፋብሪካው ቆርቆሮ ሳህን በቀላሉ ይጣመማል፤ ሰዎች በአሉሚኒየም የሚተኩትም ስለዚህ ነው፤ ደግሞም አልተሳሳቱም። ሆኖም የአሉሚኒየሙ ሳህን ከወፈረና ሞላ የሚቀመጥባቸው ኩባያዎች የድሮዎቹ ከሆኑ፣ እጀታው ሲጨበጥ የሞላው ጥቅልሎች እርስ በርስ ሊገናኙ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሳህኑ የሚሄድበት ቦታ የለም። መድኃኒቱ ከሳህኑ ጋር የሚሄድ ጥልቀት ያለው ኩባያ መፈለግ ነው።

ሳህኑ ቀጥ ብሎ እየዞረ፣ ካቦውም እየሳበ፣ አሁንም አይለቅም? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ዲስክ መግዛት ይጀምራል። እኔ ግን ዲስኮቹን በሙሉ አውጥተው ባዶውን ከበሮ በእጅ እንዲያዞሩ እመክራለሁ፤ ካቴናው ከወጣ በኋላ ማለቴ ነው። ከበሮው በእምብርቱ ላይ በነጻነት መዞር፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭም ለስሜት ያህል መነቃነቅ አለበት። ከብዶ የሚዞር ወይም ከእምብርቱ ጋር ተያይዞ የሚሄድ ከሆነ ሮለሮቹን ያውጡና አንድ በአንድ ይለኩ።

የፋብሪካው ሮለር ውፍረቱ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ርዝመቱ ግን ሩብ ኢንች አይሞላም፤ ከ0.231 እስከ 0.236 ኢንች፣ ወደ 5.9 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በየኩሽኔታ ሱቁ በቀላሉ የሚገኘው ደግሞ ውፍረቱም ርዝመቱም ሩብ ኢንች የሆነው ነው። በዓይን ሲያዩት አይለይም፤ መዳፍ ላይ ቢያስቀምጡትም አይለይም። ከ0.5 ሚሊ ሜትር የማይበልጠው ልዩነት ግን ከበሮው ከጎን እንዲነቃነቅ የተተወለትን ክፍተት ይበላና ከበሮውን ከእምብርቱ ጋር ያስተሳስረዋል። ያን ጊዜ ዲስኮቹ ቢለያዩም ጉልበቱ በሮለሮቹ በኩል ወደ ካምቢዮው ይተላለፋል። አንድም ረጅም ሮለር በቂ ስለሆነ ሃያውንም መለካት ያስፈልጋል፤ መፍትሄው ትክክለኛ ርዝመት ያላቸውን ሃያ ሮለሮች በአንድ ላይ መግዛት ነው። ሮለሮቹ ትክክለኛ ሆነው ከበሮው አሁንም ከከበደ፣ ከኋላው ያለችው ሮንደላ በወፍራም ተተክታ እንደሆነ ይመርምሩ።

በመጨረሻ የከበሮውን ክንፎችና የእምብርቱን ቦዮች በጣት ይዳስሱ። ዲስኮቹ እየመቱ ደረጃ ሠርተውባቸው ከሆነ ዲስኩ እዚያ ይሰናከላል። ጥልቀት የሌለውን በሞረድ ማስተካከል ይቻላል፤ ጥልቅ ከሆነ ግን ከበሮው ዘመኑን ጨርሷል።

ምልክት፦ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል

ዳገት ላይ ጋዝ ሲሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። እዚህም ከቀላሉ መጀመር ነው፦ ሳህኑ መካከል ያለውን ማስተካከያ ቡሎን ገፊውን ዘንግ (እጀታው ሲጨበጥ ሳህኑን የሚገፋውን) እስኪነካ ያጥብቁና ግማሽ ዙር ያህል መልሰው ይቆልፉት። ዘንጉ ሁልጊዜ የሚጫን ከሆነ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በከፊል እንደተጨበጠ ነው። ቀጥሎ ዘይቱ። ለመኪና ተብሎ የተዘጋጀ፣ መፋተግን የሚቀንስ ቅመም ያለበት ዘይት፣ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮንን ያንሸራትታል፤ ጃሶ ኤም ኤ (JASO MA) የሚል፣ ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን የሚስማማ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ያለበትን ይምረጡ።

ከዚያ በኋላ የዳዶዎቹን ቦታ ይመልከቱ። በፋብሪካው አሠራር የዳዶው ፊት ከቡሎኑ ጫፍ ጋር ከሞላ ጎደል እኩል ሲሆን ሞላው ትክክለኛ ጫናው ላይ ነው። ዳዶው ከጫፉ ብዙ ወደ ውስጥ ካልገባ በስተቀር ፍሪሲዮኑ የማይዝ ከሆነ፣ የዲስኮቹ ጠቅላላ ውፍረት አንሷል ወይም ሞላው ደክሟል። በተቃራኒው ዳዶው ቡሎኑን ለመያዝ እንኳ የሚቸገር ከሆነ ጥቅሉ ወፍሯል። የማይታወቁ ዲስኮች የሚለዩት እዚህ ነው። ባለ ሰባት ዲስክ ለውጥ በዚያው ከበሮ ውስጥ የሚገባው ዲስኮቹ ስለሳሱ ነው፤ ስለዚህ ከእነርሱ አንዱ ሲያልቅ የፋብሪካውን ወፍራም ዲስክ በምትኩ ማስገባት ጠቅላላ ልኩን ያዛባል። የእያንዳንዱን ውፍረት ይጻፉ፤ የተቀላቀለ ጥቅል ወዲያው ይታያል። የብረት ዲስኮቹ ሰማያዊ ከሆኑ ተቃጥለዋል፤ መስታወት ላይ ሲቀመጡ ከተወላገዱ ይጣሉ።

ማንነቱ ያልታወቀ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት፣ ብናኙንም በአየር ግፊት አይንፉት። አንጸባርቆ የደነደነ ሸራን ፈግፍጎ ለማዳን መሞከር ለዋጋው አይመጥንም።

ጠንካራ ሞላ ማስገባት የማንሸራተት መድኃኒት አድርገው የሚያዩት አሉ። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ግን የዘይቱንና የዲስኩን ችግር ሸፍኖ የግራ እጅን ያደክማል፤ በቀኝ ክዳን ውስጥ ያሉትን፣ ካቦው ሲሳብ ገፊውን ዘንግ የሚያንቀሳቅሱትን ሦስት ኳሶች ማረፊያም ቶሎ ይበላል። እጀታው ያለ ምክንያት የከበደበት ሞተር ብስክሌት ላይ ሞላውን መጠርጠር የሚገባው ለዚህ ነው።

የጎማ ቀበቶ የተገጠመበት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ይህ ዓይነቱ ለውጥ በደረቁ እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ ክዳኑ ውስጥ ዘይት አለማግኘትዎ ጉድለት አይደለም። «ዘይቱ አልቋል» ብሎ የሞላ ሰው ዲስኮቹንም ያንሸራትታል። ዘይት ካገኙበት ከየት እንደሚገባ ይፈልጉ፤ የሞተሩ ዘንግ ዘይት መከላከያ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው።

ምልክት፦ በዝቅተኛ ፍጥነት ይነጥቃል

በእምብርቱ ውስጥ ሦስት ትልልቅና ሦስት ትንንሽ ላስቲኮች አሉ፤ የሞተሩን ምት ያለዝባሉ። ዘይት በልቷቸው ከተፈረፈሩ ወይም ድርቅ ባለ ሰው ሠራሽ ከተተኩ መነጠቅ ይመጣል። መለወጥ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ስሙን መፈለግ

ልኩ ከታወቀ በኋላ ስሙን መፈለግ ይቀላል። ዕቃውን በነዳጅ አጥበው ጠርዙንና ጀርባውን በጎን ብርሃን ይመልከቱ። የትራየምፍ የካምቢዮና የፍሪሲዮን ዕቃዎች ቁጥር በ57 ይጀምራል፤ በቀደሙት ዝርዝሮች ደግሞ በቲ ፊደል ይጀምር ነበር። በቀለጠ ብረት ላይ ጎልቶ የወጣ ቁጥር ግን የቅርጹ ቁጥር ሊሆን ስለሚችል በእርሱ ማዘዝ አደጋ አለው። የቡሎን ጥርስም ይናገራል። የቀደሙት ትራየምፎች በብዛት በአንድ ኢንች 26 ጥርስ ያለውን የእንግሊዝ ብስክሌት ጥርስ ይጠቀማሉ፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካና እንግሊዝ የጋራ ልኬት ተለውጠዋል። የሚሊ ሜትር ጥርስ ካገኙ ግን ያ ዕቃ ከሜሪደን አልወጣም።

ሻጭ ሲጠይቁ ፎቶ ብቻ አይላኩ። የሞተሩን ቁጥርና ዓመት፣ የዲስኮቹን ብዛትና የእያንዳንዱን ውፍረት፣ የሞላውን ነጻ ርዝመትና የሽቦውን ውፍረት፣ የኩባያውን ጥልቀት፣ የሮለሩን ሁለት ልክ ይጻፉለት። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ ከዚህ በኋላ የሚጠይቅዎ ጥቂት ነው።

መልሰው ሲገጥሙ የእምብርቱ ዳዶ በ50 ፓውንድ ጫማ፣ ማለትም በ68 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል። ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ሳህኑን አንድ ጊዜ ደግመው አዙረው ይዩት፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም አዲሶቹ ዲስኮች ስለሚቀመጡ የካቦውን ልል ቦታ እንደገና ያስተካክሉ።