እንግሊዝ ውስጥ ሰራተኛ በሌለበት ትንሽ ባቡር ጣቢያ እንዴት መሳፈር ይቻላል

ከአዳማ ልጆቻችሁን ልትጠይቁ እንግሊዝ ለምትሄዱ እናቶችና አባቶች ነው ይሄን የምጽፈው። እኛ መናኸሪያ ስንሄድ ረዳቱ ራሱ “ሞጆ ሞጆ” እያለ ይጠራናል፣ እቃችንን ተቀብሎ ይጭነናል። ለንደን ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ጣቢያዎች ግን ትኬት ቆራጭም ጥበቃም ላይኖራቸው ይችላል፣ ሁለት ፕላትፎርም፣ መጠለያ፣ ስክሪን፣ በቃ። ልጆቻችሁ ስራ ላይ ሆነው ብቻችሁን ብትወጡ እንዳትደናገጡ ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ።

መጀመሪያ ትኬት። ትኬት የሚፈትሽ በር የለም ብላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳትሳፈሩ፣ ተቆጣጣሪ ባቡሩ ውስጥ ይመጣል፣ ቅጣቱም ከ2023 ጀምሮ 100 ፓውንድ ሲሆን የመንገዱ ሂሳብ ለብቻው ይጨመርበታል፣ በ21 ቀን ውስጥ ከከፈላችሁ ግን 50 ነው። ልጆቻችሁ በስልክ ቀድመው ቢገዙላችሁ ይሻላል። ጣቢያው ላይ ያለው ማሽን ከተበላሸ ፎቶ አንሱትና ተቆጣጣሪውን ስታገኙ አሳዩት። በትኬት ፈንታ በባንክ ካርድ የሚከፈልበት ጣቢያ ከሆነና ትኬት ካልያዛችሁ ስትገቡም ስትወጡም ካርዱን ማንበቢያው ላይ አስነኩ፣ ሲወጡ የረሱ ሰዎች ከፍተኛው ሂሳብ ነው የሚቆረጥባቸው፣ ደሞ አንድ ካርድ ለባልና ሚስት አይሆንም።

ከዛ ስክሪኑን እዩ። 14:07 ካለ 6 ቀንሱ፣ በኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ማለት ነው። ከስር ባቡሩ የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ይዘረዘራሉ፣ የምትወርዱበት ስም እዛ ውስጥ ከሌለ አትሳፈሩ። ወደ ሌላኛው ፕላትፎርም መሻገሪያው ብዙ ጊዜ ደረጃ ነው፣ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ልጆቻችሁ ቢያንስ ከ2 ሰዓት በፊት ደውለው እርዳታ ያስይዙላችሁ፣ ነጻ ነው።

ስትጠብቁ ከቢጫው መስመር ወደኋላ ቁሙ፣ ሳይቆሙ በሃይለኛ ፍጥነት የሚያልፉ ባቡሮች አሉ። እባካችሁ ይሄን ደግሞ ለሁሉም ንገሩልኝ፣ ስልክ ወይ ነጠላ ሃዲዱ ላይ ቢወድቅ በፍጹም እንዳትወርዱ። እኛ ጋ በአዳማ የሚያልፈው የጅቡቲው ባቡር ኤሌክትሪኩን ከላይ ከሽቦ ነው የሚወስደው፣ ደቡብ እንግሊዝ ግን ብዙ ቦታ 750 ቮልት የሚሄደው መሬት ላይ ከሃዲዱ ጎን በተዘረጋ ብረት ነው፣ ብረቱ ላይ ደግሞ ምንም የሚያስፈራ ነገር አይታይም። ፕላትፎርሙ ላይ የእርዳታ መጥሪያ ሳጥን አለ፣ አንዱ ቁልፍ ለመረጃ ሌላው ለአደጋ ጊዜ ነው፣ ተጫኑት ሰው ያናግራችኋል፣ እንግሊዝኛችሁ ባይሞላም የጣቢያውን ስም ብቻ ተናገሩ።

ባቡሩ ሲቆም በሩ በራሱ ላይከፈት ይችላል። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ መብራቱ እስኪበራ ጠብቁና ተጫኑ፣ ስትወርዱም እንደዛው፣ “ወራጅ አለ” የምትሉት ሰው የለም። መነሻ ሰዓቱ ሳይደርስ በሩ ስለሚዘጋ ቀደም ብላችሁ ተገኙ። ሽንት ቤት ጣቢያው ላይ ላይኖር ወይም ሊቆለፍ ይችላል፣ ከቤት ጨርሳችሁ ውጡ።

አንዳንድ ጣቢያ ፕላትፎርሙ አጭር ስለሆነ የኋላዎቹ ፉርጎዎች በር አይከፈትም፣ የትኞቹ ፉርጎዎች እንደሚከፈቱ በድምጽ ይነገራል፣ ካልገባችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው የምትወርዱበትን ጣቢያ ስም ነግራችሁ ጠይቁና ቀድማችሁ ወደፊት እለፉ።